አንድ ሊትር በባዶ ሆድ

አክስቴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ኮተቤ ተወልደው፣ ኮተቤ አስተምረው፣ አሁን ካራ አካባቢ ከእንጦጦ ጋራ ሥር ይኖራሉ። ሰኞ ጠዋት በአንድ የግል ክሊኒክ የላክቶስ ምርመራ አድርገው ሲመለሱ ሆዳቸውን ይዘው ተኙ። እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ማክሰኞ ልጠይቃቸው ብሄድ ጠያቂዋ እሳቸው ሆነው ቆዩኝ።

አክስቴ፦ ግባ ልጄ። ከሩቁ ሳመኝ፤ ሆዴ ሲነካ አይወድም።

እኔ፦ እንዴት አደሩ እትዬ? ሌሊቱስ?

አክስቴ፦ ሌሊቱስ ደኅና ነበር፤ ጉዱ የትናንት ቀን ነው። ነጭ ዱቄት በውኃ በጥብጠው አንድ ብርጭቆ ሙሉ ሰጡኝ። እንደ ስኳር እንኳ በወጉ አይጣፍጥም። ጨለጥኩት። ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ጣቴን ሲወጉኝ ቆዩ። ሦስተኛው ላይ ሆዴ መጮህ ጀመረ፤ አራተኛው ላይ መጸዳጃ ቤቱ ወዴት ነው አልኩ። ከመገናኛ ካራ በታክሲ እንዴት እንደመጣሁ እግዜር ይወቀው! ረዳቱ «ሂሳብ» ሲለኝ ቦርሳዬን ለመክፈት እንኳ መንቀሳቀስ ፈራሁ። ቤት ስገባ ቁርጠቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱ። ጤነኛ ሄጄ በሽተኛ ሆኜ መጣሁ። እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ምርመራ ነው ወይስ መርዝ?

እኔ፦ ወረቀቱን ያሳዩኝ። ይኸው፣ 50 ግራም ላክቶስ ይላል። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ውስጥ 5 ግራም ያህል አለ። እንግዲህ 50 ግራም ማለት የአንድ ሊትር ወተት ስኳር ነው። ሁለት ላስቲክ የሾላ ወተት ቢገዙ ውስጡ ያለው ስኳር ያን ያህል ነው። ከማታ ጀምሮ ምንም ባልቀመሰ ሆድ፣ ባንዴ። ወተት ቢሆን እንኳ ቅባቱና ፕሮቲኑ ጨጓራ ውስጥ ትንሽ ያቆየው ነበር። ትናንት የጠጡት ስኳርና ውኃ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ነው አንጀት የገባው።

አክስቴ፦ አንድ ሊትር! እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን አንድ ሊትር ወተት ባንዴ ጠጥቼ አላውቅም። የእኔ ወተት ማኪያቶ ላይ የምትፈሰዋ ነበረች።

እኔ፦ ምርመራው ማኪያቶዎን አይፈትንም። ትንሹ አንጀት ውስጥ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የሱን አቅም ለማወቅ ሆን ብሎ ከበድ ያለ ሸክም ይጭንበታል። ቁጥሮቹን ይመልከቱ። ከመጠጣትዎ በፊት የደምዎ ጉሉኮስ 94 ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 99፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 103፣ ከዚያ ወረደ። ላክቴዙ በደንብ ቢሠራ ኖሮ ላክቶሱን ለሁለት ሰንጥቆ ጉሉኮሱን ወደ ደም ይልክ ነበር፤ ቢያንስ 20 ሚሊ ግራም ጭማሪ እንጠብቅ ነበር። የእርስዎ 9 ብቻ ነው የጨመረው። ስኳሩ ሳይፈጭ ወደ ታች ወረደ ማለት ነው።

አክስቴ፦ ወርዶስ ምን ሠራ?

እኔ፦ ያልተፈጨ ስኳር ውኃ ይስባል፤ ከሰውነትዎ ውኃ ወደ አንጀት ፈሰሰ። ተቅማጡ ከዚያ ነው። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል። ሲብላላ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ሚቴንም አለ። የነፋዎትና የቆረጠዎት እሱ ነው። ከሃይድሮጅኑ ከፊሉ ወደ ደም ገብቶ በሳንባ በኩል ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። ያንን የሚለካ ሌላ ዓይነት ምርመራ አለ፤ ጣት መወጋት የለበትም፣ ለሦስት ሰዓት ያህል በየጊዜው መንፋት ብቻ ነው። ትንፋሹ ውስጥ ሃይድሮጅኑ ከመነሻው በ20 ፒፒኤም ከጨመረ ላክቶሱ አልተፈጨም ይባላል። የሚጠጣው ግን ያው ነው፤ የሚያመውም ያው።

አክስቴ፦ ራስ ምታቱስ? ራሴም ውስጥ ባክቴሪያ አለ ልትለኝ ነው?

እኔ፦ ትናንት ጠዋት ቡና ጠጥተዋል?

አክስቴ፦ «ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ» ተብዬ ምን ቡና አለ!

እኔ፦ በቀን ሦስቴ ቡና የሚጠጣ ሰው ጠዋት ሲቀርበት ራሱን ያመዋል። በዚያ ላይ ሳይበሉ እኩለ ቀን ሆነ፤ ውኃም በተቅማጥ ወጣ። ሁሉንም በላክቶስ አናሳብብ።

አክስቴ፦ ጀበናዬን ተዋት። እኔ የምለው፣ ይሄ ነገር ኮሶ ነው በለኝ። አባቴ ጥሬ ሥጋ ይወድ ስለነበር በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ያን ቀን ከቤት አይወጣም፣ እንግዳ አይቀበልም፤ ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ ዕድርም ቢሆን ቀረህ ብሎ አይወቅሰው። ሆዱ ካልታወከ ግን ኮሶው አልሠራም ብሎ ይናደዳል። ባሕር ዛፉ ጋራውን ሳይወርሰው በፊት እኮ እዚሁ እንጦጦ ላይ ጽዱም ኮሶውም ነበር ይሉናል።

እኔ፦ ግማሹ ልክ ነው። መታመምዎ ራሱ ከመልሱ አንዱ ክፍል ነው። ጥሩ የሚሠሩ ቤቶች ጉሉኮሱን ወይም ትንፋሹን ብቻ ሳይሆን መቼ ቆረጠዎት፣ መቼ ነፋዎት ብለው ይመዘግባሉ። አለመፈጨትና መታመም ሁለት የተለያየ ነገር ነውና። ስኳሩ ሳይፈጭለት ምንም የማይሰማው ሰው ሞልቷል። ኮሶው ግን ትሉን ያስወጣል፤ ይሄ የሚያስወጣው የለም። ሌላም ልዩነት አለ፤ አባትዎ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር።

አክስቴ፦ እሱን ነው የምልህ! አባቴ አውቆ፣ ቤቱ ተቀምጦ፣ ሰው አጠገቡ አድርጎ ነው። እኔን ማን ነገረኝ? «ይጠጡ፣ እዚያ ይቀመጡ» ነው ያሉኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ፈተናው ምን እንደሆነ ሳልነግር ተማሪ ፈትኜ አላውቅም።

እኔ፦ እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼ ጠበቃ አልሆንም። «ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆድዎ ሊታመም ይችላል። አብሮዎት የሚመለስ ሰው ይምጣ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አይያዙ። ካመመዎት ይንገሩን፣ እንመዘግበዋለን» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መጠኑንም ማስተካከል ይቻላል፤ 25 ግራም የሚሰጡ አሉ፣ ለብዙ ሰው እሱ ይበቃል። በሽተኛው ሳይነገረው ሲታመም ምን እንደሚያስብ ያውቃሉ? «መረዙኝ» ይላል፤ ወይም ሌላ ክሊኒክ ሄዶ የታይፎይድ መርፌ ይወጋል። በአዲስ አበባ ሆድ የታመመ ሁሉ ወይ ታይፎይድ ነው፣ ወይ አሜባ፣ ወይ ጨጓራ።

አክስቴ፦ እኔም እኮ ዛሬ ጠዋት ታይፎይድ ልመረመር አስቤ ነበር።

እኔ፦ ይተዉት። ትኩሳት አለዎት?

አክስቴ፦ የለም።

እኔ፦ ሰገራው ላይ ደም አዩ?

አክስቴ፦ እረ በስመ አብ! የለም።

እኔ፦ ተቅማጡስ?

አክስቴ፦ ከትናንት ማታ ወዲህ ቆሟል። መነፋቱ ነው የቀረው፣ ድካሙም።

እኔ፦ እንዲህ ነው መንገዱ። አብዛኛው ሰው በሰዓታት ውስጥ ይለቀዋል፤ የአንዳንዱ እስከ ማግስቱ፣ ሲበዛ እስከ ሁለት ቀን ይዘልቃል። ስኳሩ አልቆ ሲወጣ ነገሩም ያልቃል፤ አንጀትዎ ላይ የተወው ቁስል የለም። ፈሳሽ ይጠጡ፤ ኦአርኤስ ካለ እሱ ጥሩ ነው። ቀለል ያለ ነገር ይብሉ፣ ወተት ለጥቂት ቀን ይቅር። ትኩሳት ቢመጣ፣ ደም ቢታይ፣ ማስመለሱ ውኃ እንኳ አላስቀምጥ ቢል፣ ሲነሱ ቢያዞርዎት፣ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ቢቀጥል ግን የላክቶሱ ነው ብለው አይተኙ፤ ሌላ ነገር ነው፣ ይታዩ። ከወተት በኋላ ሰውነቱ የሚያብጥ፣ የሚያሳክከው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። የሱ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው፤ ያ ገዳይ ሊሆን ይችላል፣ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ለመሆኑ ምርመራውን ምን አሳዘዘዎት?

አክስቴ፦ ያ ኤች ፓይሎሪ የሚሉት ተገኘብሽ ተብዬ ሁለት ሳምንት መድኃኒት ዋጥኩ አይደል? ስጨርስ ጨጓራዬ አሁንም ያቃጥላል ብዬ ለጎረቤቴ ባማክራት፣ «ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድሽ ቀዝቃዛ ወተት ጠጪ፣ ቁስሉን ያለሰልሳል» አለችኝ። አንድ አንድ ብርጭቆ ጀመርኩ። ይነፋኝ ጀመር። ጨጓራው ባሰበት ብዬ ማታም ጨመርኩበት።

እኔ፦ ያ መድኃኒት ካለቀ ስንት ጊዜው ነው?

አክስቴ፦ ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው።

እኔ፦ እንግዲህ የነገሩ ውል እዚህ አለ። ወተት ጨጓራን የሚያበርደው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ቆይቶ ጨጓራው ራሱ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርገዋል። እርስዎ ደግሞ ወተቱ የነፋዎትን ጨጓራ መስሎዎት በወተት ሲያክሙ ቆዩ። በዚህ ከተማ እንዲህ እየዞረ ያለ ሰው ስንት እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ክሊኒካችን ውስጥ በየቀኑ የማያቸው ይመስለኛል። የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ደግሞ ሁለት አንቲባዮቲክ አለበት፤ የትልቁን አንጀት ባክቴሪያ ያምሰዋል። ለዚህ ነው ከአንቲባዮቲክ በኋላ አራት ሳምንት ሳይሞላ የትንፋሽ ምርመራ የማይሠራው። የእርስዎ የደም ምርመራ ስለሆነ ቁጥሩን አያበላሸውም፤ የሕመሙን ብርታት ግን ሊቀይረው ይችላል። ጃርዲያስ ታይቷል?

አክስቴ፦ ሰገራ አልሰጠሁም።

እኔ፦ ይስጡ። ጃርዲያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ የትንሹን አንጀት ገጽ ስለሚጎዳ ላክቴዙ ለጊዜው ይጠፋል፤ ታክሞ ሲድን ይመለሳል። ይሄ ሳይታይ ዕድሜ ልክ ወተት አይንኩ ማለት ችኮላ ነው።

አክስቴ፦ እነሱ ግን «ፖዘቲቭ ነዎት» ብለው ነው የሸኙኝ። ፖዘቲቭ ሲሉኝ ልቤ ነው የወረደው! ይሄ በሽታ ነው እንግዲህ?

እኔ፦ ጃርዲያ ከሌለና ላክቴዙ በዕድሜ የቀነሰ ከሆነ፣ አይደለም። ጡት አጥቢ እንስሳ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ጡት ሲጥል ላክቴዙ ይቀንሳል። ከዓለም አዋቂ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ያህል እንደ እርስዎ ነው። በሽታ ያሰኘው ሕክምናው የተጻፈበት አገር ነው። ለሰሜን አውሮፓ ሰው አዋቂ ወተት መጠጣቱ ደንብ ነበርና የማይችለው ጎደሎ ተባለ። በ1966 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ውስጥ ቤይለስና ሮዘንስዋይግ የሚባሉ ሐኪሞች ጤነኛ ነጮችንና ጥቁር አሜሪካውያንን አነጻጽረው መረመሩ፤ ከጥቁሮቹ ብዙዎቹ ላክቶስ የማይፈጩ ሆነው ተገኙ። ጤነኛ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ቆጠራ የጀመረው።

አክስቴ፦ የእኛንስ ማን ቆጠረ?

እኔ፦ ቀድመው የነኩት የሕፃናት ሐኪሞች ናቸው። ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ከስዊድናውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሕፃናት ላክቶስን አለመፍጨት በሚል ርዕስ በ1973 እ.ኤ.አ. በስካንዲኔቪያ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። ጊዜውን ያስቡት፤ ለተጎዱ ሕፃናት የወተት ዱቄት በእርዳታ የሚታደልበት ዘመን ነው። ጥያቄው የቅንጦት አልነበረም።

አክስቴ፦ አስታወስከኝ! ተማሪ ቤት በትልቅ በርሜል ዱቄት ወተት እየበጠበጡ በኩባያ ያድሉን ነበር። ከክፍላችን ጥቂቱ ድገሙን ይላል፣ ብዙው ሆዱን ይዞ ወደ ጫካው ይሮጣል። አስተማሪያችን የተንኮል መስሏቸው የሮጡትን ያንበረክኳቸው ነበር።

እኔ፦ አዲስ አበባ ደግሞ የወተት ታሪክ አላት። በ1947 እ.ኤ.አ. ኡንራ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የፍሪዢያንና የብራውን ስዊስ ከብት ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ የዘመናዊ ወተት ሥራ ከዚያ ይቆጠራል። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኒሴፍ ቃሊቲ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ አቋቋመ። ያኔ የከተማው ዳር ነበር። አዲስ አበቤ ትኩስ ወተት በብርጭቆ መጠጣትን የሥልጣኔ ምልክት ያደረገው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

አክስቴ፦ እናቴ ትሰማህ ነበር! ላም ነበረን እኮ። ትኩስ ወተት ለሕፃንና ለአራስ ነው፤ ጤነኛ ጎልማሳ ትኩስ ወተት ቢጠይቅ ያፍር ነበር። የቀረው በወይራ በታጠነ ቅል ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ ይናጣል። ቅቤው ይወጣል፤ አሬራው እሳት ላይ ተጥዶ አይብ ይሆናል፤ አጓቱ ለጥጃና ለውሻ ይደፋል።

እኔ፦ ይመልከቱልኝ! ቅቤ ውስጥ ላክቶስ የለም ማለት ይቻላል። ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ የተወሰነውን ወደ አሲድ ይቀይሩታል፤ እርጎ ሲበላ ደግሞ የራሱ ባክቴሪያ አንጀት ውስጥ ያለውን እንዲፈጭ ያግዛል። አይብ ሲጣራ የቀረው ስኳር ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። አጓቱን የሚጠጣው ማነው? ጥጃ። ጥጃ ላክቴዝ አለው።

አክስቴ፦ እንግዲያው ሐበሻ ወተት አይችልም ማለት ነው?

እኔ፦ እሱም አይባልም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለና የለንደን ተመራማሪዎች ያሉበት። በተለያዩ የኢትዮጵያ ሕዝቦች መካከል እየዞሩ ላክቶስ አጠጥተው ትንፋሽ ለኩ፣ ዘረመል መረመሩ። እንደ እርስዎ ሆዱን ይዞ የሄደው ፈቃደኛ ስንት ይሆን? አውሮፓ ውስጥ ላክቴዙን በጉልምስና የሚያቆየው በአመዛኙ አንድ የዘረመል ለውጥ ነው፤ የፊንላንድ ሳይንቲስቶች በ2002 እ.ኤ.አ. አገኙት። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በዘረመሉ አንድ ቦታ ላይ የተሰባሰቡ በርካታ የተለያዩ ለውጦች ተገኙ። ወተት መቻል እዚህ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ተፈጥሯል ማለት ነው። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ችሎ ሌላው ላይችል ይችላል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሱማሌ ግመል አርቢዎች ነገር ነው። ከተመረመሩት ብዙዎቹ ላክቶሱን አይፈጩም፤ ወተት ግን የዕለት ምግባቸው ነው፣ አላመማቸውም።

አክስቴ፦ እንዴት ተደርጎ?

እኔ፦ ሳይንቲስቶቹ የሚያመለክቱት ትልቁን አንጀት ነው። በየቀኑ ወተት ሲያገኝ ባክቴሪያው ይለማመዳል፤ ብዙ ጋዝ ሳያወጣ የሚያብላላው ዓይነት ይበዛል። ልማዱ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ ወተቱ ሲቋረጥ ደግሞ ይጠፋል።

አክስቴ፦ ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ከሆነማ ያ የ50 ግራም ነገር ለምን አስፈለገ? ምርመራ ሳያስፈልግ እኛ በየዓመቱ እንመረመር የለ? 55 ቀን ሁዳዴ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ሆዴ ሁዳዴ ላይ ደኅና ሆኖ ፋሲካ ላይ ከታመመ ወተቱ ነው። ብር አልከፍል፣ ጣቴ አይወጋ።

እኔ፦ ጥሩ አሰቡ፤ ሐኪሞችም ሁለት ሳምንት ወተት አቁመው መልሰው እንዲሞክሩ ያዝዛሉ። ግን የሁዳዴው ሁለት እንከን አለበት። ሁዳዴ ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ባቄላ ነው። ጥራጥሬ ውስጥ ማናችንም የማንፈጨው ስኳር አለ፤ እሱም እዚያው ትልቁ አንጀት ውስጥ ይብላላል። ስለዚህ ሁዳዴውን በሙሉ ሲነፋዎት ከርሞ «ወተት ሳልነካ ነፋኝ፣ ወተት አይደለም» ሊሉ ይችላሉ። ፋሲካ ደግሞ ከሁሉ የከፋው የፈተና ቀን ነው። ባክቴሪያዎ ለ55 ቀን ላክቶስ አላየም፣ ልማዱ ጠፍቷል። በዚያ ላይ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጠላው፣ ቅቤው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተገድፎ የታመመ ሆድ ማንን ይክሰስ?

አክስቴ፦ የዘንድሮው ፋሲካ ያልከውን ነው የሆንኩት። አይቡን ነበር የጠረጠርኩት።

እኔ፦ አይቡ ከሁሉም ንጹሑ ሳይሆን አይቀርም።

አክስቴ፦ ታዲያ ምርመራው ምን ጠቀመኝ? መልስልኝ እንጂ፤ ብዙ ብር ነው የከፈልኩት።

እኔ፦ አንድ ነገር ነግሮዎታል፤ ሁለት ላስቲክ ወተት በባዶ ሆድ ባንዴ አይችሉም። ይሄን ደግሞ መቼም ሊያደርጉት አስበው አያውቁም። ስለ ማኪያቶዎ፣ ስለ እርጎዎ፣ ገንፎ ላይ ስለሚፈስሰው ቅቤ አንድም ቃል አልተናገረም። ክሊኒኩ ያልነገረዎት ይሄን ነው፤ ፖዘቲቭ ብሎ ሲሸኝ ወተት ተከለከሉ ያለ አስመሰለው። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሰበሰቡት የባለሙያዎች ጉባኤ ነገሩን መርምሮ፣ ላክቶስ የማይፈጭ አብዛኛው ሰው 12 ግራም፣ ማለት አንድ ብርጭቆ ወተት ያህል፣ ባንዴ ቢወስድ ሕመሙ ወይ የለም ወይ ቀላል ነው አለ። ከምግብ ጋር ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይቻላል።

አክስቴ፦ እኔ ግን በአንድ ብርጭቆ ነው የነፋኝ።

እኔ፦ ባዶ ሆድ፣ ከአንቲባዮቲክ ማግስት፣ ምናልባትም ከጃርዲያ ጋር። ደግሞ አይቆጡኝና፣ የራስን ሆድ ማመንም አስቸጋሪ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት «ወተት ፈጽሞ አይስማማንም» የሚሉ 30 ሰዎችን ወሰደ። ሲመረመሩ 9ኙ ላክቶስን በደንብ የሚፈጩ ሆነው ተገኙ! ከዚያ ለሁሉም በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ወተት ሰጧቸው፤ አንድ ሳምንት እውነተኛውን፣ ሌላ ሳምንት ላክቶሱ አስቀድሞ የተፈጨውን፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳይነግሯቸው። በሁለቱ ሳምንታት መካከል ሕመማቸው ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም።

አክስቴ፦ አስመሳይ ነሽ ነው የምትለኝ?

እኔ፦ እረ በፍጹም! የትናንቱ ሕመምዎ በቁጥር ተጽፏል። የአንድ ብርጭቆውን ግን ገና አልፈተንነውም ነው የምለው። እስቲ በራስዎ ልክ እንፈትነው። ሰገራው ይታይ፤ ጃርዲያ ካለ ይታከም። ሆድዎ ሲረጋጋ ከምሳ ጋር ግማሽ ብርጭቆ ወተት፣ 6 ግራም ያህል ማለት ነው። የበሉትንና የሆኑትን ይጻፉ፤ ሽሮ የበሉበትን ቀንም ይጻፉ። ሦስት አራት ቀን ደኅና ከሆኑ ወደ ሙሉ ብርጭቆ። እርጎውንና አይቡን ማቋረጥ አያስፈልግም።

አክስቴ፦ በየቀኑ?

እኔ፦ ባክቴሪያው እንዲለማመድ በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል።

አክስቴ፦ ነገ ረቡዕ ነው። ሐሙስ ብጀምር ዓርብ ላቋርጥ ነው። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ጠጥቼ ደግሞ ረቡዕ። ይሄ ባክቴሪያ ክርስትና ካልተነሳ እንዴት ይለማመዳል?

እኔ፦ በሳምንት አምስት ቀን እንሞክረው እንግዲህ።

አክስቴ፦ ኅዳር ሲመጣ ደግሞ የገና ጾም አለ። ያንንም በማስታወሻህ ላይ ጻፈው፤ ኋላ ውጤቱ ተበላሸ ብለህ እኔን እንዳትወቅስ።